አሥረኛው ደረጃ

አገሩ የት እንደሆነ አልነግራችሁም። ብነግራችሁ «እዚህማ እንዲህ ያለ ነገር አይደረግም» ብላችሁ ትከራከሩኛላችሁ፤ እኔ ደግሞ ክርክር አልወድም። የምወደው ድንጋይ ነው። ሥራዬ ድንጋይ መጥረብ ነው፤ አባቴም ጠራቢ ነበር። ሁለታችን በዕድሜያችን ከሠራነው ሁሉ የሚታወቅልን አንድ ደረጃ ነው። ስለዚያ ደረጃ የማወራችሁ ግን ለመመካት አይደለም።

ከተማችን የተቆረቆረችው በአንድ የሚፈላ ጉድጓድ ዙሪያ ነው። ጉድጓዱ ያለው ትልቅ ዋሻ ውስጥ ሲሆን፣ ከሥሩ ውኃው ሳያቋርጥ ይንተከተካል። እንፋሎቱ ወፍጮዎቹን ያዞራል፤ የከተማው እህል በሙሉ የሚፈጨው እዚያ ነው። ወፍጮዎቹ የተተከሉት በውኃው አናት ላይ በተንጠለጠለ የእንጨት ወለል ላይ ነው። ወለሉን የያዙት ከዋሻው ጣሪያ የወረዱ ስምንት ዘንጎች ናቸው፤ እያንዳንዳቸው ሠላሳ ክንድ ይረዝማሉ። ጣሪያው ከባድ ብረት ስለማይችል የተሠሩት ከቀላል ብረት ነው፤ አገራችን የምትኮራበት፣ አጥንት የሚያህል ክብደት የሌለው፣ ነጭ ብረት። በዚያ ወለል ላይ በየቀኑ ሃያ ሁለት ሰዎች ይሠሩ ነበር።

ከስምንቱ ጎን ዘጠነኛ ዘንግ ነበረች። እናት ዘንግ ትባላለች። ከስምንቱ ጋር በአንድ ቀን፣ ከአንድ ቅላጭ የወጣች ናት፤ ሥራዋም መለኪያ መሆን ነው። ወለሉን አትሸከምም። ነገር ግን ባዶዋን መንጠልጠሏ ለክብሯ አይመጥንም ተብሎ የከተማው ማኅተም የተቀረጸበት ትልቅ ድንጋይ ከጫፏ ታስሮላታል። በየዓመቱ በልክ ቀን የልክ ሹሙ ካባውን ደርቦ ይመጣል፣ የእናት ዘንግን ጫፍና የወለሉን ጠርዝ ያስተያያል፣ ሁለቱ እኩል ሆነው ሲያገኛቸው «አልረዘሙም!» ብሎ ያውጃል። ከበሮ ይመታል፤ እኛም እልል ብለን ወደየቤታችን እንገባለን። ዘንጎቹ ረዝመው የተገኙበት ዓመት አልነበረም።

ያስቸገረው በሩ ነው። ወደ ወለሉ የሚያስገባው በር ከዓለቱ የተፈለፈለ ነው። አያቶቻችን ሲሠሩት ከወለሉ ጋር እኩል ነበር አሉ። ከጊዜ በኋላ ሰው ሲገባ መደናቀፍ አበዛ፤ ሲታይ ወለሉ ከበሩ በሦስት ጣት ዝቅ ብሏል። ጉዳዩ ተመረመረ። ወለሉ ዝቅ እንዳላለ እናት ዘንግ ስለመሰከረች፣ ከፍ ያለው በሩ ነው ተባለ። አባቴ ተጠርቶ ከበሩ ሥር ያለውን ዓለት ጠርቦ አንድ ደረጃ እንዲያወጣ ታዘዘ። ደረጃው ተመረቀ፤ «የክብር ደረጃ» የሚል ስም ወጣለት። አባቴ እንዲህ ያሉ አራት ደረጃዎች ሠርቶ አረፈ። ከአምስተኛው ጀምሮ እኔ ነኝ። በክብር ደረጃ ብዛት ከጎረቤት ከተሞች የሚያክለን የለም እየተባለ ሲነገር ደስ ይለኝ ነበር፤ ለምን እዋሻለሁ። ውኃው ወደ ወለሉ እየቀረበ መምጣቱ ሲታወቅ ደግሞ ለውኃው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጻፈለት። ጸሐፊው ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሞ ሁለት ጊዜ አነበበለት።

ትእዛዝ ሲመጣልኝ «ስንት?» ብዬ እጠይቃለሁ። «ሦስት ጣት» ይሉኛል። መዶሻዬን አንሥቼ እሄዳለሁ። «ለምን?» ብዬ ግን ጠይቄ አላውቅም፤ እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይኸው ነው።

አሁን ወደ አንጓች ልምጣ፤ ታሪኩ የእሷ ነውና።

አንጓች ብረት አቅላጭ ናት። ድስት፣ ማንጠልጠያ፣ የበር እጀታ ትሠራለች። ባሏ አድማሴ ወለሉ ላይ የሦስተኛው ወፍጮ ሠራተኛ ነበር። እሷ ነገር የምታይ፣ ያየችውን ደግሞ ካልጨረሰች እንቅልፍ የማይወስዳት ሴት ናት። ይህ ጠባይ በከተማችን ብዙም አይወደድም።

በአገራችን ሕግ ቀላል ብረት ንጹሕ መሆን አለበት። ሌላ ነገር የገባበት ብረት እንደ ተበከለ ይቆጠራል፤ አቅላጩም ከሙያው ይነሣል። ይህን የሚቆጣጠር የጥራት ቢሮ አለ። የቢሮው ቀማሽ ረቡዕ ረቡዕ በየምድጃው እየዞረ ብረቱን በምላሱ ይልሳል። ምላሱ የተመሰከረለት ነው። አንድ ጊዜ አንጓች የማቅለጫ ሸክላዋ ተሰነጠቀባትና መጠገኛ አፈር አጣች። ከከተማው ግርጌ የሰፈሩት መጤዎች ዘንድ ወርዳ ግራጫ አፈር አመጣች፤ ስንጥቁን ደፈነችበት። በዚያ ሸክላ ካቀለጠችው ብረት አንድ የድስት ማንጠልጠያ ሠርታ ከቤቷ ጓሮ ባለው የእንፋሎት ስንጥቅ ላይ ሰቀለችው። ድሮ የምትሰቅላቸው ማንጠልጠያዎች በዓመት ውስጥ እየተለጠጡ ድስቱን መሬት ያስነኩት ነበር። ይኸኛው ንቅንቅ አላለም።

ሌላ ሰው ቢሆን «ጎሽ» ብሎ ያልፈው ነበር። አንጓች ግን ማንጠልጠያውን አውርዳ ሰበረችው። ብረት ሲሰበር ውስጡ እንደ ጨው ቅንጣት ቅንጣት ነው። ሙቀትና ክብደት ሲበዛበት ቅንጣቶቹ እርስ በርስ እየተንሸራተቱ ብረቱ ይለጠጣል፤ አይቀልጥም፣ አይሰበርም፣ ብቻ ቀስ እያለ ይረዝማል። በተሰበረው ማንጠልጠያ ውስጥ ግን ቅንጣቶቹ በጣም ደቃቅ ናቸው፤ በየድንበራቸውም ግራጫ ነገር እንደ ጭረት ገብቶ ተቀምጧል። እንዳይንሸራተቱ የያዛቸው እሱ ነው አለች በልቧ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ ለማንም ሳትናገር ስትሞክር ኖረች። አፈሩን ደቁሳ በእፍኝ ብትጨምረው ብረቱ እንደ ደረቅ ቂጣ ተሰባበረ። በማንኪያ ብትጨምረውም ያው ሆነ። በመጨረሻ ለአንድ ማቅለጫ ሦስት ቁንጥር አገኘች፤ በሦስት ጣት ጫፍ የሚያዝ ሦስት ቁንጥር፣ ከዚያ በላይ የለም። የንጹሑን ብረት ቀጭን ሽቦና የቁንጥሩን ሽቦ ጎን ለጎን በእንፋሎቱ ላይ ትሰቅላለች፣ እኩል ድንጋይ ታስርባቸዋለች፣ ጫፋቸው የደረሰበትን በየቀኑ በምስማር ዓለቱ ላይ ትጭራለች። ቀማሹ ረቡዕ ሲመጣ የቁንጥሩን ብረት ልሶ «ንጹሕ ነው፤ ትንሽ ይጣፍጣል» ብሎ ሄዷል።

የቁንጥሩ ሽቦ ባለበት ቆመ። የንጹሑ ሽቦ ግን ያስፈራት ነገር አሳያት። ሲሰቀል ትንሽ ይለጠጣል። ከዚያ ረጅም ጊዜ በጣም በዝግታ፣ እኩል እኩል ይሄዳል። ከዚያ አንድ ቀን መፍጠን ይጀምራል። መፍጠን ከጀመረ በኋላ የሚመልሰው የለም፤ የሚቀጥለው ጭረት ከበፊቱ ባጠረ ጊዜ ይደርሳል፣ ከዚያ የሚቀጥለው ደግሞ ባጠረ ጊዜ፣ ከዚያ ይበጠሳል። አሥራ አራት ሽቦ ሰቅላ አሥራ አራቱም እንዲሁ ሆኑባት።

ዘጠነኛውን የክብር ደረጃ ባስመረቅን ማግሥት ቤቴ መጣች። በረንዳ ላይ መሮ ስስል አገኘችኝ።

«ጋሽ ላቀው፣ ደረጃዎቹን መቼ መቼ ነው የሠራችኋቸው?»

«ምን ሊያደርግልሽ?»

«እባክዎ ይንገሩኝ።»

አባቴ ከእያንዳንዱ ደረጃ ጎን ዘመኑን ይቀርጽ ነበር፤ እኔም ልማዱን አላስቀረሁም። በቃሌ ነገርኳት። እስከ ስድስተኛው ድረስ በየስድስት ዓመቱ አንድ። ሰባተኛው ከሦስት ዓመት በኋላ። ስምንተኛው ባንድ ዓመቱ። ዘጠነኛው፣ የትናንቱ፣ በአምስት ወሩ። እየነገርኳት ሳለ ድምፄ ራሴው ጆሮ ላይ እንግዳ ሆነብኝ። ያን ሁሉ ቁጥር ለብቻ ለብቻው አውቀው ነበር፤ ባንድ ትንፋሽ ብዬው ግን አላውቅም።

አንጓች ፊቷ አመድ መሰለ። «እየሮጠ ነው» አለች። ቁጭ አለችና ስለ ሽቦዎቹ ሁሉንም ነገረችኝ።

በማግሥቱ የልክ ሹሙ ዘንድ ገባች። እኔ ስለ ደረጃው ምስክር እንድሆን ይዛኝ ሄዳ በር ላይ ቆሜያለሁ፤ የተባባሉትን የሰማሁት በጆሮዬ ነው።

«ክቡር ሹም፣ የወለሉ ዘንጎች እየረዘሙ ነው» አለች።

«እናት ዘንግ አልረዘሙም ብላለች።»

«እናት ዘንግም አብራቸው እየረዘመች ነው። አንድ ዓይነት ብረት፣ አንድ ዓይነት ሙቀት፣ ከጫፏም ድንጋይ አለባት። አብራ ከረዘመች እንዴት ታሳብቅባቸዋለች?»

ሹሙ ጢሙን አሸት አሸት አደረገ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ክፉ ቢሆን ይቀል ነበር። «አንቺ ታዲያ በምን ለካሽው?»

«በግድግዳው። ዓለቱ ላይ እጭራለሁ።»

«ግድግዳው ቃለ መሐላ ፈጽሟል?»

«ኧረ አልፈጸመም፣ ክቡር ሹም።»

«እናት ዘንግ ፈጽማለች» አለ በትሕትና። ከዚያ አንጓች ያመጣቻቸውን ሁለት ሽቦዎች አንሥቶ አገላበጣቸው። «ይኸኛው አይለጠጥም ነው የምትይው?»

«አይለጠጥም። ስምንቱን ዘንጎች በዚህ እንድተካቸው ይፍቀዱልኝ። ሁለት ወር ብቻ ወለሉን ይዝጉልኝ። ሃያ ሁለት ሰው አለ እዚያ ላይ።»

«ስምንቱ በጥራት ቢሮ ሥር ናቸው፤ ንጹሕ ካልሆነ አይሆንም። ማመልከት ትችያለሽ፤ መልሱ በሁለት ዓመት ውስጥ ይደርስሻል» አለ። ሽቦውን ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አደረገው፤ ዓይኑ ውስጥ የሆነ ነገር ሲበራ አየሁ። «እናት ዘንግ ግን በእኔ ሥር ናት። ከሁሉ የከበረችው ዘንግ ከሁሉ የጠነከረ ብረት ይገባታል። ለእናት ዘንግ ሥሪልን። ለልክ ቀን ትድረስ።»

ስንወጣ አንጓች ወደ ምድጃዋ አቀናች። ከዚያ «እሺ» አለች ለራሷ። «እውነት የምትናገር እናት ዘንግ ከተሰቀለች፣ ቢያንስ ያዩታል።»

የእናት ዘንግ ልክ በከተማው መግቢያ ድንጋይ ላይ ተቀርጿል፤ ሠላሳ ክንድ። አንጓች በዚያ ልክ ሠራቻት። ብዙ እጅ ተረባርቦ አሮጌዋ ወርዳ አዲሷ በተሰቀለች ቀን የከተማው ሹማምንት ሁሉ ነበሩ። የዘንጓ ጫፍ ወለሉ ጋ አልደረሰም። ከወለሉ አንድ ክንድ ከስድስት ጣት ከፍ ብሎ በአየር ላይ ቀረ። አሥር ጊዜ ሦስት ጣት ማለት ነው፤ ያን ዕለት ጠዋት ደግሞ የአሥረኛው ደረጃ ትእዛዝ ደርሶኝ ነበር። ከዘጠነኛው በኋላ በሃምሳ ቀን።

አንጓች ሹሙን ትኩር ብላ ታየዋለች። አሁን ያየዋል፣ አሁን አፍ አውጥቶ ይናገረዋል ብላ ልቧ ሲመታ እኔ ጋ ይሰማ ነበር ብል ማጋነን አይሆንም።

ሹሙ ጉሮሮውን ጠረገ። «እናት ዘንግ አጥራለች» አለ።

ጸሐፊው ጻፈ።

አዲስ ስለሆነች ነው፣ ለምዳ ትረዝማለች ተባለና ሰባት ቀን ተሰጣት። የማኅተሙ ድንጋይ ታሰረባት፤ አልረዘመችም። ሁለት የወፍጮ ድንጋይ ተጨመረባት፤ አልረዘመችም። የጥራት ቢሮው ቀማሽ መሰላል ወጥቶ ላሳትና «እምቢተኛ ናት» ሲል በጽሑፍ አረጋገጠ። እኔ በዚያ ሳምንት አሥረኛውን ደረጃ ስጠርብ ነበር። ስጠርብ በእግሬ ሥር ያለው ወለል አልፎ አልፎ «ጢ...ጥ» የሚል ድምፅ ያሰማል። ድሮም ያሰማ ነበር፤ ድሮ ግን አልሰማውም ነበር።

በሰባተኛው ቀን አዋጅ ወጣ። በልክ ቀን እናት ዘንግ በሰንሰለት ከወለሉ ጋር ትታሰራለች፤ ሰንሰለቱ ይወጠራል፤ ሃያ ሁለቱም ሠራተኞች፣ ሹማምንቱም በሙሉ ወለሉ ላይ ቆመው ክብደታቸውን በመጨመር ልኳ ላይ እንድትደርስ ያግዟታል። የቀረ ሠራተኛ ዘንጎቹን አላመነም ማለት ስለሆነ ከነቤተሰቡ ከከተማው ይወጣል።

ልክ ቀን ሊደርስ ስድስት ቀን ቀርቶታል። አንጓች በሽቦዎቹ አስልታ ወለሉ ያለው ቀን ከዚያ ብዙም እንደማይበልጥ ታውቅ ነበር። «አሥራ አንደኛ ደረጃ የሚባል የለም፣ ጋሽ ላቀው» አለችኝ።

ለአድማሴ ነገረችው። ምሳ እየበሉ ነው። ይህን ከጊዜ በኋላ ራሷ አጫውታኛለች።

«እንውጣ» አለችው። «ዛሬውኑ ጨርቄን ማቄን ሳንል እንውጣ። ግርጌ መጤዎቹ ጋ እንሰፍራለን፤ ብረት የትም ይቀልጣል።»

አድማሴ እጁን ከገበታው አነሣ። «ሌሎቹስ?»

«ንገራቸው።»

«ነግሬያቸዋለሁ። ምን እንዳሉኝ ታውቂያለሽ? ‹እኛም እናውቃለን› አሉኝ። ሁሉም ያውቃል፣ አንጉ። እግራቸው ሥር ሲወርድ የማይሰማቸው ይመስልሻል? ልጅ ያለው አለ፣ የታመመ አባት ያለው አለ። የት ይሂዱ? እነሱን ጥዬ ብወጣ የሚወርደው ወለል ይቀልላቸዋል እንዴ?»

«እኔስ?» አለችው። ድምፅዋ ተሰበረ። «እኔ ምን ልሁን?»

አድማሴ ያው ሥራ ሰዓት ደርሶ ተነሣ፤ በሩ ላይ ዞር ብሎ አያት፣ ከዚያ ሄደ። ሆድ ባሳት። አልቅሳ ሲወጣላት ግን ስለ ሰንሰለቱ ማሰብ ጀመረች። ምድጃዋ አጠገብ ቁጭ ብላ ያን አዋጅ በልቧ ደጋግማ ስታነበው ድንገት ቀጥ ብላ ተቀመጠች። ወለሉን ከማትለጠጥ ዘንግ ጋር እሰሩት ነው የሚለው። እሷ ለምና ያጣችውን ነገር በራሳቸው ማኅተም አዘውታል፤ ያዘዙት ምን እንደሆነ አያውቁም እንጂ።

ሹሙ ዘንድ ተመልሳ ሄደች። አልተከራከረችም። «ክቡር ሹም፣ ዘንጓን የሠራኋት እኔ ነኝና ሰንሰለቱን እኔ ልሰር» አለች። ሹሙ «አሁን ገባሽ» ብሎ ደስ አለው።

አዋጁ ሰንሰለቱ ከወለሉ ጠርዝ ቀለበት ላይ ይታሰር ይላል። የጠርዙ ቀለበት የካባ መስቀያ ቢሆን ነው። እኔና አንጓች አራት ቀን ወለሉ ሥር ተንጠልጥለን ዋለን። እኔ ለሥርዓቱ ድንጋይ አስተካክላለሁ እያልኩ፣ ሰንሰለቱን በወለሉ መካከል አሳልፈን፣ ሥር ካሉት ከሦስቱ ትልልቅ አግዳሚ ግንዶች ጋር ጠምጥመን አሰርነው። ወፍራሙን ሰንሰለት፣ የከተማውን መግቢያ በር ሰንሰለት ነው የወሰድነው። እንፋሎቱ ፊታችንን እየላጠው ሠራን። ሹም መቼም ጎንበስ ብሎ የወለል ሥር አያይም።

ልክ ቀን ደረሰ። ካባ የለበሰው ለበሰ፣ ከበሮው ተደረደረ። ወፍጮዎቹ ቆመዋል። ሃያ ሁለቱ ሠራተኞች በአንድ ወገን፣ ከበሮ መቺውን ጨምሮ አሥራ ስምንት ሹማምንት በሌላ ወገን፤ አንጓች ከመካከል ሰንሰለቱ አጠገብ፤ እኔ አሥረኛው ደረጃ ላይ። ሰንሰለቱ ተወጠረ። አድማሴ ከማዶ ሆኖ አንጓችን ያያታል። እሷ ግን ሦስተኛውን ዘንግ ነው የምታየው። ከጣሪያው ሁለት ክንድ ዝቅ ብሎ ቀጥኗል። እኔም አየሁት። ማስቲካ ሲሳብ መካከሉ የሚቀጥነውን ያህል ቀጥኗል።

ሹሙ ንግግሩን ጀመረ። ስለ ንጹሕ ብረት ተናገረ። ስለ ክብር ደረጃዎች ተናገረ፤ ስሜን ጠራ፤ ተጨበጨበልኝ። «እነሆ ዘንጎቻችን...» ሲል ሦስተኛው ዘንግ ተበጠሰ።

ድምፁ እንደጠበቅሁት ከፍተኛ አልነበረም። ወለሉ ወደ አንድ ወገን ዘመም አለ። ከበሮ መቺው ምልክት መስሏቸው ከበሮውን መቱ። ከዚያ ሰባተኛው ተበጠሰ፣ ወዲያው ስምንተኛው፣ አራተኛው። ወለሉ ወደቀ። ልቤ አብሮት ወደቀ። አንድ ስንዝር እንደወረደ ግን የሰንሰለቱ ጥምጥም ግንዶቹን «ጓ» ብሎ ያዛቸው፣ ወለሉም በእናት ዘንግ ላይ ተንጠልጥሎ እንዳዘመመ ቆመ።

«ወደ ደረጃው!» ብላ ጮኸች አንጓች። «አንድ በአንድ! አትዝለሉ!»

«ማንም አይንቀሳቀስ!» አለ ሹሙ። «ልኩ ገና አልተነበበም!»

እግሬ አውጪኝ ሆነ። እጄን ዘርግቼ የያዝኩትን ሁሉ ወደ ላይ እጎትታለሁ፤ ሠራተኛም ቢሆን ካባም ቢሆን። አድማሴ ከዝቅተኛው ወገን ሆኖ ሰዎቹን ከኋላ እየገፋ ያወጣል። ውኃው እየተፈናጠረ እግሩን ያገኘዋል፤ ሲጮህ እሰማለሁ፣ ግን መግፋቱን አልተወም። አንደኛውና ስድስተኛው ዘንግም ሄዱ። አንጓች ከሰንሰለቱ አጠገብ ንቅንቅ አላለችም። ዓይኗ ከእናት ዘንግ ላይ አልተነሣም፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ጸሎት መስሎኝ ነበር። በኋላ ስጠይቃት «ቁንጥሩን ነበር የምቆጥረው» አለችኝ። «ሦስት ነው ወይስ ሁለት ነው ያደረግሁት እያልኩ።»

ከአንጓች ሌላ ሠላሳ ዘጠኝ ሰው ወጣ። ሹሙ ከመጨረሻዎቹ መካከል ነበር፤ አድማሴ ተሸክሞት መጣ። አንጓች አድማሴን በአንገትጌው ይዛ፣ እኔ እሷን በእጇ ይዤ፣ አሥሩን ደረጃ በጉልበታችን ወጣን። አንድ ሰው፣ ጎበጥ ያሉት ከበሮ መቺ፣ አልወጡም። ከበሮውን ጥለው መምጣት አልሆነላቸውም። የቀሩት ሁለት ዘንጎች ተበጥሰው ወለሉ በእናት ዘንግ ብቻ ሲንጠለጠል ከጠርዙ ተንሸራተው ወደቁ። እስካሁን ከበሮ ስሰማ ወደ ሌላ መንገድ እዞራለሁ።

እናት ዘንግ ወለሉን ሦስት ቀን ብቻዋን ተሸክማ ቆየች። በአራተኛው ቀን እንጨቱ በእንፋሎት በስብሶ ረገፈ እንጂ እሷስ ባለችበት ነበረች። አንጓች ዘንጓ ስትሰቀል ጫፏ የደረሰበትን ዓለቱ ላይ በምስማር ጭራ ነበርና ሄዳ አየችው። የጥፍር ውፍረት እንኳ አልጨመረችም።

ጉዳዩን የሚመረምር ጉባኤ ተቋቋመ። ወለሉ የወደቀው በውኃው እብሪት መሆኑ ተረጋገጠ። ሰዎቹ የዳኑት በንጹሕ ብረት ጥንካሬና በክብር ደረጃዎቹ ነው ተባለ፤ እኔ ሜዳልያ ተሸለምኩ። መሳቢያ ውስጥ ነው ያለው። አድማሴ ልክ ሳይነበብ ቦታውን በመልቀቁ ተወቀሰ፤ እግሩ ተቃጥሎ መራመድ ስለማይችል ግን በይቅርታ ታለፈ። ዛሬም ያነክሳል።

ደግነቱ አዲሱ ወለል ከበሩ ጋር እኩል ሆኖ በአንጓች ብረት ተሠራ። ስምንቱም ዘንጎች በሦስት ቁንጥር ወጡ። የጥራት ቢሮው ግራጫውን አፈር መርምሮ ከጥንትም ንጹሕ እንደነበር ወሰነ፤ አፈሩን ያቀረቡት መጤዎች ግን ዋሻው እንዳይገቡ ሕጉ እንደጸና ነው። ለእናት ዘንግ ሲሆን ወግ አይለወጥም ተባለ። ያቺ ቀጥ ያለችው እናት ዘንግ ባለመታዘዝ ተወንጅላ ወረደች፤ በምትኳ በድሮው ንጹሕ ብረት፣ በድሮው ክብደት፣ ሌላ ተሰቀለች። አንጓች ይህን ስትሰማ ሳቀች፤ ሳቋ አልቆም ብሏት አለቀሰች።

ትናንት፣ ከስምንት ዓመት በኋላ፣ የልክ ሹሙ ጸሐፊ ቤቴ መጣ። አርጅቻለሁ፤ መዶሻ ሲነሣ ትከሻዬ ይናገራል። ጸሐፊው ቅጹን ዘረጋ። የእናት ዘንግ ጫፍ ከወለሉ በታች ሦስት ጣት ወርዶ ተገኝቷል፤ ስለዚህ ወለሉ ከፍ ብሏል፤ ስለዚህ ከበሩ ወደ ላይ የሚወጣ አንድ የክብር ደረጃ ያስፈልጋል።

አንጓች በረንዳዬ ላይ ነበረች፤ መሮ ልትስልልኝ መጥታ። ዞር ብላ አየችኝ።

ጸሐፊው ብዕሩን ቀለም ነክሮ «ስንት?» የምለውን ጠበቀ።

«ለምን?» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። ቅጹን ገለበጠ፣ ጀርባውን አየ፣ መልሶ ገለበጠው። «ይህ የት ነው የሚገባው?» አለ። «ቦታ የለውም እኮ።»

«ከመስመሮቹ መካከል አስገባት» አለችው አንጓች። «አንድ ቁንጥር ናት። ትይዛለች።»